ሃምሳ ስምንት ሹፌር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓምድ

ኑሬ ሞጆ ላይ በቀዩ ረድፍ ከቆመ ሃያ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ቀዩ ረድፍ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበሩ ማቆሚያ ውስጥ፣ አጥሩ ጥግ ላይ፣ በቀይ ቀለም የተሰመረ ቦታ ነው። ስሙ በተጠርጣሪዎች ዝርዝር የወጣ ሹፌር መኪናውን እዚያ ያቆማል። ጭነት አይሰጠውም። መኪናውን ትቶ ከግቢው ከወጣ "ጠፋ" ተብሎ ይመዘገባል። ሠላሳ ቀን ሲሞላው የማኅበሩ መታወቂያ ይቀደዳል፤ ከዚያ ወዲያ ከሞጆ እስከ ሚሌ መሪ የሚያስጨብጠው ባለመኪና አያገኝም። ስለዚህ ኑሬ ጋቢናው ውስጥ ይተኛል፣ ጋቢናው ውስጥ ይበላል፣ በጄሪካን ውኃ ፊቱን ይታጠባል፣ ቀን ይቆጥራል። ምን እንደሰረቀ የነገረው የለም። ሲስተሙ ነው ያወጣህ፣ ብቻ ነው ያሉት።

እናቱ እማማ በድሪያ እሑድ ከሰዓት ቤቴ ሲመጡ ቁጭም አላሉ። ኑሬና እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ እኔን ለመቆጣት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

"አንቺ የቁጥር አስተማሪ አይደለሽ?" አሉኝ። "ልጄን ያሰረው ቁጥር ነው አሉ። ፍቺልኝ።"

አዎ፣ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ኑሬ ጋ ደውዬ የሲስተሙን ስም ሲነግረኝ ግን ጆሮዬ ጋለ። የሠራው ፍሬዘር ነው፤ የማስተርስ ተማሪዬ የነበረው። ሲስተሙ የመመረቂያ ጥናቱ ነው፤ ጥናቱ ላይ "አማካሪ" ከሚለው ፊት ያለው ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ጥናቱ በቀረበልኝ ሳምንት የሁለት ክፍል ፈተና አርም ነበር። ማጠቃለያውን አየሁ፤ "ስሕተት፦ ዜሮ" የሚለውን አየሁ፤ ፈረምኩ። ዜሮ ስሕተት አይቶ የማይደነግጥ የስታቲስቲክስ አስተማሪ ደመወዙን ሊመልስ ይገባል። እኔ አልመለስኩም።

ፍሬዘርን ጠራሁት፤ በዚያው ምሽት ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ነገሩን አንድ በአንድ አስነገርኩት። ማኅበሩ ውስጥ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ሹፌሮች አሉ። ከእነዚህ የሃምሳ ስምንቱን ጉዳይ ማኅበሩ በየጊዜው መርምሮ፣ አሥራ አንዱ ነዳጅ ወይም ጭነት ቀንሰዋል፣ አርባ ሰባቱ ንጹሐን ናቸው ብሎ ወስኗል። የሲስተሙ ሞዴል የተማረው ከእነዚህ ነው። ስለ እያንዳንዳቸው ሺህ ዘጠኝ መቶ ነገር፣ በሠንጠረዥ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓምድ፣ ያውቃል፦ ደራ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ ወለንጪቲን ሲያልፍ ፍጥነቱ ስንት እንደነበር፣ ሚዛን ላይ ስንት ኪሎ እንደመዘነ፣ የስልኩ ባትሪ መቼ እንዳለቀ። ሃምሳ ስምንቱን ሌባና ንጹህ ብሎ ያለ አንድ ስሕተት ለየ። ከዚያ ስለማያውቃቸው ሁለት መቶ አርባ ሹፌሮች ተጠየቀና አሥራ አራት ስም አወጣ። ኑሬ ዘጠነኛው ነው።

"ስንት ሰው?" አልኩት።

"ሃምሳ ስምንት።"

"ስንት ዓምድ?"

"ሺህ ዘጠኝ መቶ።"

አልጮህኩም። ፍሬዘር ግን ጮኸውብኛል ይላል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው። ወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ አስቀምጡ፤ በአንድ መስመር አይሰለፉ። የፈለጋችሁትን ሌባ፣ የፈለጋችሁትን ንጹህ በሉ። እንዴትም ብትከፋፍሏቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይለያሉ። አራተኛ ነጥብ ጨምሩ፤ አሁን አንዳንዱ ክፍፍል እምቢ ይላል። በየትም በኩል ብታሰምሩ አንዱ በማይሆን ወገን ይቀራል። እውቀት የሚጀምረው ከዚያ እምቢታ ነው፤ ውሸት ነግራችሁት እሺ የማይላችሁ ነገር ሲገኝ። ወረቀቱ ሁለት ልኬት ነው ያለው፣ ወርድና ቁመት። የፍሬዘር ወረቀት እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ልኬት ሆኖ ሺህ ዘጠኝ መቶ ልኬት አለው፤ የተቀመጡበት ነጥቦች ደግሞ ሃምሳ ስምንት ብቻ። እዚያ ስፋት ውስጥ እምቢታ የሚባል ነገር የለም። ማንንም ሌባ በሉት፣ የሚለየው መስመር ይገኛል። ዜሮ ስሕተቱ የሞዴሉ ጥበብ አይደለም፤ የባዶ ቦታው ብዛት ነው።

ፍሬዘር ሰነፍ አይደለም፤ ተከራከረኝ። ያ የድሮው ቲዎሪ ነው፣ አለ፤ አሁን ዓምዱ ከሰው ሲበዛ ያየውን ሁሉ የሸመደደ ሞዴል እንኳ ያላየውን ደህና አድርጎ ሊተነብይ እንደሚችል ተረጋግጧል። እውነቱን ነው፣ ተረጋግጧል። እኔም አስተምረዋለሁ። ግን ቲዎሪው "ሊተነብይ ይችላል" ነው የሚለው፣ ከነቅድመ ሁኔታው፦ እውነተኛው ነገር በጥቂት ጠንካራ አቅጣጫዎች ላይ ሲያርፍ፣ ጫጫታው፣ ማለትም የአጋጣሚው ልዩነት፣ በቀሩት ሺህ አቅጣጫዎች ላይ ስስ ሆኖ ሲበተን። ልጆቻችን ከቲዎሪ ውስጥ "ይችላል"ን ይወስዱና "ከሆነ"ን መንገድ ላይ ይጥሉታል። ያን ሁኔታ አረጋግጠሃል ወይ ስለው አላረጋገጠም። ባላያቸው ሹፌሮች ላይ ፈትነኸዋል ወይ ስለው ፈትኛለሁ አለ። ጠይቄ ጠይቄ ሳወጣው ግን የፈተነው ባላያቸው ሹፌሮች ሳይሆን ባላያቸው ጉዞዎች ኖሯል። የአንድን ሰው የሰኞ ጉዞ አሳይቶ የዚያኑ ሰው የማክሰኞ ጉዞ ጠየቀው። ሞዴሉ ሌብነትን አላወቀም። ሰውየውን ነው ያወቀው።

"ነገ ማኅበሩ ስብሰባ አለው" አልኩት። "አብረን እንሄዳለን።"

ስለ ማኅበሩ ስብሰባ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ድሮ ጭነት ሲመጣ ማን ይጫን በሚለው ሰው በብረት ይፈነካከት ነበር። ያን ጠብ ያቆመው ዕጣ ነው። ሰኞ ሰኞ አዳማ ባለው አዳራሽ፣ በምስክር ፊት፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ዕጣ ይወጣል። የወጣው ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል፤ የተገኘ ሁሉ ይፈርማል፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አረጋሽ ማኅተም ይመቱበታል፤ በማግስቱ ሞጆ ማቆሚያው በር ላይ ይለጠፋል። የወጣ ዕጣ አይሻርም። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ማንም ማንንም አልፈነከተም። እኔም አከብረዋለሁ፤ ስለማከብረውም ተጠቀምኩበት።

ሊቀመንበሩ አቶ ገመዳ ባደግኩበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በሕፃንነቴ የመዝሙር ቡድን ውስጥ ሲያዩኝ የኖሩ ሰው። የመናገር ዕድል ሰጡኝ። የሃምሳ ስምንቱን ሹፌሮች ስም ቆራርጬ በቆርቆሮው ከተትኩና አሥራ አንድ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። አወጡ። "እነዚህ አሁን ሌቦች ናቸው፤ የቀሩት ንጹሐን" አልኩ። ከንጹሐኑ መካከል የነዳጅ ጄሪካን በእጁ ይዞ የተያዘ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነበረበት፤ አዳራሹ ሳቀ። ፍሬዘር አዲሱን ውሸት ለሞዴሉ ሰጠው። አራት ሰከንድ ያህል ቆየ። ስሕተት፦ ዜሮ። ቀጥሎም ከሁለት መቶ አርባዎቹ አሥራ ሰባት ተጠርጣሪ ዘርዝሮ አወጣ፤ ወይዘሮ አረጋሽ ስሞቹን አንድ በአንድ ጻፉ።

ከኋላ አንድ ባለመኪና፣ እኔን ሌባ ነው ብትዪው እሺ ይላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይላል አልኩት። ሚስቴም እንደዚያው ናት አለና እንደገና ተሳቀ። አቶ ገመዳ ግን አልሳቁም። ገብቶኛል እህት ትህትና፣ እናስብበታለን፣ አሉኝ። አመሰገኑኝ። በጸሎት ተዘጋ። የተገኘ ሁሉ እንደሚፈርም እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። በድል ሞቅታ ላይ ነበርኩ፤ ከፊርማዬ በላይ የተጻፈውን አላነበብኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ኑሬ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። ስሜ የለም፣ አለኝ፤ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል፣ ማዳበሪያ ልጭን ነው፣ በደራ አድርጌ አሰላ። "ምን አደረግሻቸው?"

ምን እንዳደረግኳቸው የገባኝ ወደ ሞጆ ለመሄድ መናኸሪያ ስደርስ ነው። ወይዘሮ አረጋሽ የሠላሳ ዓመት ሥራቸውን ነበር የሠሩት። አዳራሽ ውስጥ፣ በምስክር ፊት፣ ከቆርቆሮው ዕጣ ወጥቷል፤ የአሥራ ሰባት ሰው ስም ተጽፏል፤ ተፈርሟል። ማኅተም መቱበት። ለጠፉት።

ሞጆ ስደርስ ኑሬ ሸራ እያሰረ ነበር። ወርዶ አቀፈኝ፤ ናፍጣና ላብ ይሸታል። በለቀቀው ቦታ ላይ ሌላ ተሳቢ ቆሟል። ማን ነው ስለው አንገቱን ወደዚያ አላዞረም።

"ኦቦ ዱጋሳ ናቸው፣ የደራው" አለ። "ቲቲ፣ ስሚኝ። ዛሬ ዝም በይ። ነገም ዝም በይ። ሐሙስ ስመለስ ብትፈልጊ ፓርላማ ግቢ።"

"እሳቸውስ ምን ይሁኑ?"

"እኔ ሃያ ሁለት ቀን ስቆም ማን ምን ይሁን አለ?"

"እኔ አላወቅኩም ነበር።"

"አሁን እኔም አላወቅኩም" አለና ገመዱን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያን ዝርዝር ከሻርሽው የድሮው ይመለሳል፣ የድሮው ላይ እኔ አለሁ፣ አለኝ። ይህን ለማወቅ ቲዎሪ አላስፈለገውም።

ኦቦ ዱጋሳ ስድሳን አልፈዋል። በጋቢናቸው መወጣጫ ላይ ተቀምጠው በክብሪት እንጨት ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። አካም ጂርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ስምዎን ያወጣው ጥፋት አይደለም፣ ዕጣ ነው፤ እኔ ያስወጣሁት ዕጣ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ፈታ አለ።

"ዕጣ ከሆነ እቆማለሁ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት በዕጣ ጭኛለሁ፣ በዕጣ ቆሜአለሁ። ግን ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዕጣ 'ዛሬ አልደረሰህም' ነው የሚለው። 'ሌባ ነህ' ብሎ አያውቅም።"

ሃያ ዓመት ተምሬ ሽማግሌው በክብሪት እንጨት እየጎረጎሩ ከተናገሩት አንድ ቃል የምጨምርበት አጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ገመዳ ቢሮ ገባሁ። ስሕተቱን ቀድመው ያውቁ ነበር። ወይዘሮ አረጋሽን መቆጣት አይቻልም፣ አሉ፣ ደንቡን ነው የፈጸሙት፤ ቃለ ጉባኤውን ከፍተው ፊርማዬን አሳዩኝ። ከዚያ ንጹህ ወረቀት ወደ እኔ ገፉ።

"ከሁለቱ ዝርዝሮች ትክክለኛው የትኛው ነው? ጻፊና ፈርሚ፤ ሌላውን አነሳለሁ።"

"ሁለቱም አይደሉም።"

"እህት ትህትና፣ ሁለቱም አይደሉም የሚባል ዝርዝር የለም። መድን ሰጪው ዝርዝር ካላየ ውል አያድስም። ውል ካልታደሰ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ሰው ነው የሚቆመው። የትኛው?"

ወረቀቱን አየሁት። የመጀመሪያውን ብጽፍ ኑሬ ይመለሳል። ሁለተኛውን ብጽፍ ኦቦ ዱጋሳ ቀዩ ረድፍ ላይ ይቀራሉ፣ የእኔ ጨዋታም ሳይንስ ይሆናል። ብዕሩን አላነሳሁም። በዚያ ፈንታ መከራከሪያ ያልኩትን አመጣሁ፤ አስተማሪ ክፉ ልማድ አለበት፣ ተጨማሪ ማስረጃ ሰውን ያሳምናል ብሎ ያምናል። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። አሥራ አራቱና አሥራ ሰባቱ ውስጥ አንድም የጋራ ስም የለም። በጭፍን ቢወጣ እንኳ አንድ ሰው ሊገጣጠም ይገባ ነበር። ይህ ሞዴል ስለ ሌብነት የሚያውቀው ነገር ቢኖር በሁለቱም ላይ የሚደጋገም ሰው ባየን።

አቶ ገመዳ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሮቹን ቀስ ብለው አነበቡ። በቅን ልብ አነበቡ፤ ይህን አልክድባቸውም።

"አንድም የጋራ ሰው ከሌለማ" አሉ፣ "አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይዞታል ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አልጽፈውም። በመዝሙር ቡድን ለሚያውቁኝ ሰው የሚነገር አልነበረም። ጸሐፊዋ በሩን ከፍተው አዩንና ዘጉት።

ሐሙስ ሞጆ በር ላይ ሠላሳ አንድ ስም ተለጠፈ። ኑሬ አሰላ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ በር ላይ ቁልፉን ተቀበሉት። የቆመበት ቀን ከሃያ ሁለት አልቀጠለም፤ ጭኖ የሄደባቸውም ቀናት ተቆጥረውበት ሃያ አምስተኛው ነው ተባለ። ደወለልኝ። "ስሜ አለ" አለኝና ዘጋው። እማማ በድሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ሰላም አይሉኝም። ፍትሕ ስፈልግ ልጃቸውን መልሼ አሰርኩት። ኦቦ ዱጋሳንም አላስፈታሁም።

ለጋዜጣ ጻፍኩ፤ አልወጣም። ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ፣ አማካሪ ሆኜ የፈረምኩበት ጥናት ስሕተት ነው ብዬ፤ ኮሚቴ ይቋቋማል የሚል መልስ መጣ። ፍሬዘር ባላየው ሹፌር ላይ ሞዴሉን እንደገና ፈትኖ፣ ከሳንቲም ውርወራ እንደማይሻል የሚያሳይ ሁለት ገጽ አዘጋጀ። አቶ ገመዳ ተቀብለው ፋይል ውስጥ አስቀመጡት።

ሰኞ፣ ኑሬ በቆመ በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ሠላሳ አንድ መኪና መቆሙ ያንገበገባቸው ባለንብረቶች አዳራሹን አናወጡት። ስለ ሹፌሮቹ አልነበረም፤ ስለ ጎማዎቹ ነበር። አቶ ገመዳ መውጫ አገኙ። ማኅበሩ ለሁሉም ይቅርታ ያደርጋል። አንድ ቅጽ ላይ መፈረም ብቻ ነው፦ "ጥፋቴን አምኜ ማኅበሩ ያደረገልኝን ይቅርታ ተቀብያለሁ።" በማግስቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልፈረመ መታወቂያው ይቀደዳል።

ማክሰኞ ሞጆ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ቅጹን ደርድረውበታል። ኑሬ ተራ ይዞ ቆሟል። ጎኑ ቆምኩ። አትፈርም አልኩት፤ ይህ ወረቀት በሄድክበት ይከተልሃል፤ ያልሠራኸውን ሠራሁ ማለት ነው።

"ስንተኛ ቀን ነው?" አለኝ።

"ሠላሳ።"

"ካልፈረምኩ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ምን ታደርጊልኛለሽ?"

ይግባኝ እላለሁ፣ ክስ እንመሠርታለን፣ ኮሚቴው... እያልኩ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ኑሬ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ተራው ደረሰ። ቅጹን አንስቶ ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው። ፈረመ። ሲያልፍ ወደ እኔ ዞሮ፣ እኔ አንብቤ ነው የፈረምኩት፣ አለኝ። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ።

ኦቦ ዱጋሳ አልፈረሙም። ጠረጴዛው ጋ ቀርበው ጥፋቱን አሳዩኝ አሉ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ልጅ ቅጹን አሳያቸው። ወረቀት ሳይሆን ጥፋቱን፣ አሉ። ቁልፉን ቅጹ ላይ አስቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ከጋቢና አውጥተው፣ በበሩ በእግራቸው ወጡ። ከኋላቸው ስማቸው ላይ "ጠፋ" ተብሎ ሲጻፍ አየሁ።

ዓርብ ፍሬዘር ደወለ። ሲስተሙን ማስቆም እንደማይችል፣ ኮፒው ማኅበሩ ጋ እንደሆነ፣ ከእሱ የሚፈልጉት ማደስ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። አዲስ ዳታ ልከውለታል።

"ምን ዳታ?"

"ቅጾቹን። ሠላሳዎቹ ፈርመዋል፤ ጥፋታቸውን ያመኑ ተብለው ገብተዋል። ኦቦ ዱጋሳም በደንቡ የጠፋ እንደ ሌባ ስለሚቆጠር ገብተዋል።" ቁጥሩን ደመረልኝ። "ያኔ ከሃምሳ ስምንት አሥራ አንድ ነበር፤ አሁን ከሰማንያ ዘጠኝ አርባ ሁለት ሆኗል። አቶ ገመዳ ለእርስዎ ይነገርልኝ ብለዋል፤ የሰው ቁጥር ያንሳል ስላሉ እንዲጨመር አድርገዋል።"

እያሾፈ አልነበረም። አቶ ገመዳም እያሾፉ እንዳልነበር አውቃለሁ።

"መቼ ነው የሚያስኬዱት?"

"ሰኞ። በቀሩት በሁለት መቶ ዘጠኙ ላይ።"

"ስንት ስም ያወጣል?"

እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ሒሳቡን በቃሉ ይሠራዋል። ከሚያውቃቸው ግማሽ ያህሉ ሌባ ነው ተብሎ የተነገረው ሞዴል ከማያውቃቸውም ግማሹን ሌባ ይላል።

"መቶ ገደማ፣ መምህር" አለኝ።